ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል የሚከፈተው ሱቅ፦ የድረ ገጽ መረጃን የሚፈትሹ ሁለት መሣሪያዎች ግምገማ

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ባና፣ በርኖስና ስጋጃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን፣ እንዲሁም ወደ መንዝ ጓሳ የሚሄዱ እንግዶችን የሚያስተናግዱ ጥቂት ወጣቶች ባለፉት ወራት ድረ ገጻቸውን እንዳስተካክልላቸው ጠይቀውኝ ነበር። የሦስቱም ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሰው በጉግል ሲፈልጋቸው ስማቸው ብቻ ሳይሆን ዋጋቸው፣ የሚከፍቱበት ሰዓትና ያሉበት ቦታ አብሮ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ለዚህ የሚያገለግለው በድረ ገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ፣ ጎብኚው የማያየው የፍለጋ ሞተሩ ግን የሚያነበው መረጃ ሲሆን በሙያው አጠራር የተዋቀረ መረጃ ወይም ስትራክቸርድ ዳታ ይባላል። ይህን መረጃ ከጻፍኩ በኋላ በትክክል መጻፉን የፈተሽኩት በሁለት መሣሪያዎች ነው። አንደኛው የጉግል ሪች ሪዛልትስ ቴስት፣ ሁለተኛው በስኪማ ዶት ኦርግ ሥር የሚገኘው ስኪማ ማርክአፕ ቫሊዴተር ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። ሆኖም የእኛ ሰዓት፣ የእኛ ዘመን አቆጣጠርና የእኛ አድራሻ ሲገባባቸው የሚያሳዩትን አረንጓዴ ምልክት ሳይጠራጠሩ መቀበል እንደማይገባ በሦስቱም ሥራዎች ላይ አይቻለሁ።

በቅድሚያ መሣሪያዎቹ ስለሚፈትሹት ነገር ጥቂት ልበል። ጉግል፣ የማይክሮሶፍቱ ቢንግና ያሁ እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ስኪማ ዶት ኦርግ የተባለ የጋራ መዝገበ ቃላት ይፋ አደረጉ፤ የሩሲያው ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቀላቸው። የድረ ገጽ ባለቤት ለእያንዳንዱ የፍለጋ ሞተር ለየብቻ ከመድከም፣ ይህ የሱቁ ስም ነው፣ ይህ ዋጋው ነው፣ ይህ የሚከፈትበት ሰዓት ነው ብሎ አንድ ጊዜ የሚያስረዳበት ቋንቋ እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ ነው። መዝገበ ቃላቱ ዛሬ ከ800 በላይ የነገር ዓይነቶችን ይዟል። መረጃውን ለመጻፍ ሦስት ስልቶች አሉ፤ ማይክሮዳታና አርዲኤፍኤ ከሚታየው ጽሑፍ ጋር ተሰባጥረው የሚጻፉ ሲሆን፣ ጄሰን ኤልዲ ግን በገጹ ውስጥ ራሱን ችሎ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ይህ ሦስተኛው ስልት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ጸድቋል፤ ጉግልም ከሦስቱ እሱን ይመክራል። እኔም የተጠቀምኩት በእሱ ነው።

ደንበኞቼ ቅር ቢላቸውም ሳልደብቅ የነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የተዋቀረ መረጃ መጻፍ ገጹን በፍለጋ ዝርዝር ውስጥ ወደ ላይ አያወጣውም። የሚለውጠው ገጹ በተገኘበት ቦታ ላይ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ ነው፤ ይህም ቢሆን የፍለጋ ሞተሩ ፈቃድ እንጂ ግዴታው አይደለም። ሪች ሪዛልትስ ቴስት ገጹ በዚህ የተለየ መልክ ለመታየት ብቁ ነው ሲል ብቁ ነው ማለቱ ብቻ ነው፤ ይታያል ማለቱ አይደለም። ፈተና ማለፍና ሥራ ማግኘት የተለያዩ መሆናቸውን በከተማችን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ሁሉ ያውቀዋልና ነገሩን በዚህ መልክ ሳስረዳ ቶሎ ተረድተውኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መሣሪያ ልመለስ። ሪች ሪዛልትስ ቴስት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በሙከራ ደረጃ ወጥቶ በጁላይ 2020 ሙከራው ማብቃቱ ተነገረለት። በዚያው ጊዜ ጉግል የቀድሞውን የተዋቀረ መረጃ መፈተሻ ሊዘጋው መሆኑን ሲያሳውቅ የሙያው ሰዎች አጥብቀው ቅሬታ አቀረቡ፤ የቀድሞው መሣሪያ የፈለጉትን ዓይነት ሁሉ የሚያነብ ሲሆን አዲሱ ጉግል በፍለጋው ላይ የሚጠቀምባቸውን ዓይነቶች ብቻ ያነባልና። ቅሬታው ሰሚ አግኝቶ የቀድሞው መፈተሻ በመልክም በስምም ተለውጦ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በስኪማ ዶት ኦርግ ሥር ስኪማ ማርክአፕ ቫሊዴተር ተብሎ ተከፈተ። ሁለት መሣሪያ ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ አንደኛው ጉግል ምን ይፈልጋል የሚለውን ይመልሳል፣ ሁለተኛው የጻፍኩት ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ይስማማል ወይ የሚለውን።

አሠራሩ ቀላል ነው። የገጹን አድራሻ ማስገባት ይቻላል፤ ወይም ገና ያልወጣ ገጽ ከሆነ ኮዱን ገልብጦ መለጠፍ ይቻላል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ከሆነም ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው ያለው። አድራሻ ሲሰጠው መሣሪያው ገጹን ከራሱ ከጉግል ማሽኖች በኩል፣ እንደ ስልክ ሆኖ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ከሰዓት በኋላም ቢሆን ከእኔ የሚጠበቀው ውጤቱን የያዘውን ቀላል ገጽ መጠበቅ ብቻ ነበር። ገጹ የሚቀመጥበት አገልጋይ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ራሱ የዘገየ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የፔንሲዮኑ ገጽ ሁለት ጊዜ ከፊል ይዘቱ አልተጫነም የሚል መልእክት አምጥቶብኛል፤ ምክንያቱም ኮዱ ሳይሆን ገጹን የሚያስቀምጥልን ድርጅት አገልጋይ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮዱን ለጥፎ መፈተሽ ችግሩ የኮዱ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

የሱቁን ገጽ ስፈትሽ የመጀመሪያው ውጤት ምንም አልተገኘም የሚል ነበር። አራት ገጽ ሙሉ ኮድ ጽፎ ምንም አልተገኘም መባል ያበሳጫል። ዝርዝሩን ስከፍተው ግን መሣሪያው ኮዱን ማንበብ ያልቻለበትን መስመር አሳየኝ። በመስመሩ ላይ ያለው ጥፋት ለአማርኛ ጸሐፊ የቅርብ ነው፤ የምርቱን ስም በአማርኛ ስጽፍ የፊደል ገበታውን ወደ ላቲን መመለስ ረስቼ በእንግሊዝኛው ኮማ (,) ፈንታ የእኛን ነጠላ ሰረዝ (፣)፣ በእንግሊዝኛው ኮለን (:) ፈንታም የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) አስገብቼ ነበር። ለዓይን ሁለቱ ነጥቦች አንድ ይመስላሉ፤ ለማሽን ግን አንደኛው የኮዱ አካል ሲሆን ሌላው ባዕድ ነው። በጥቅስ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ከጽሑፍ ማቀናበሪያ ተገልብጦ የመጣ የተጠማዘዘ ጥቅስ ወይም የእኛ ትእምርተ ጥቅስ አንድ ቦታ ላይ ከገባ ሙሉው ክፍል ይወድቃል። መሣሪያው የሚያመለክተው መስመር አንዳንድ ጊዜ ከትክክለኛው ጥፋት አንድ መስመር ይቀድማል ወይም ያልፋል፤ ቢሆንም ያለ እሱ ይህን ጥፋት በዓይኔ ብቻ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ሌላው የወደድኩት ነገር ያነበበውን መረጃ በዝርዝር መልሶ ማሳየቱ ነው። የበርኖሱ ገለጻ ከቆየ የኮምፒውተር ሰነድ ላይ የተገለበጠ ነበር። ሰነዱ የተጻፈው ግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ደረጃ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ዓይነት ነው፤ እነዚያ ፎንቶች የአማርኛን መልክ ለላቲን ፊደላት በተመደቡ የኮምፒውተር መለያ ቁጥሮች ላይ ያስቀመጡ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ጽሑፍ ለማሽኑ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። መሣሪያው ክምሩን እንዳለ ሲያሳየኝ ነው ነገሩን የተገነዘብኩት። ስህተት ብሎ ግን አልመዘገበውም፤ ለእሱ ፊደል ፊደል ነው። በትክክል በዩኒኮድ የተጻፈውን አማርኛ በተመለከተ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል፤ ባና የሚለው ስም በግእዝ ፊደል ገብቶ በግእዝ ፊደል ወጥቷል።

ቀጥሎ የዋጋ ጉዳይ መጣ። ለምርት የሚጻፍ መረጃ ስም ሊኖረው የግድ ሲሆን፣ ከዚያ በተጨማሪ ዋጋ፣ አስተያየት ወይም የአማካይ ነጥብ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ መኖር አለበት። የሱቁ ባለቤት ዋጋውን ከቁጥሩ ቀጥሎ ብር የሚል ቃል ጨምረው ጽፈው ሰጥተውኝ ነበርና እንዳለ አስገባሁት። መሣሪያው በቀይ መለሰው። ዋጋ ቁጥር ብቻ መሆን አለበት፤ ብር መሆኑ የሚገለጸው በሌላ መስመር ላይ በሚጻፈው ባለ ሦስት ፊደል ዓለም አቀፍ የገንዘብ ምልክት ነው። እዚህ ላይ የቀይና የቢጫ ልዩነት መታወቅ አለበት። ቀይ የተባለው ጥፋት ካልታረመ ገጹ ብቁ አይሆንም፤ ቢጫው ግን ቢጨመር ይመረጣል የሚል ምክር ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ቢጫውን ሁሉ ለማጥፋት ሲሉ የሌለ ነገር እየፈጠሩ ሲሞሉ አይቻለሁ፤ የምርት መለያ ቁጥር የሌለው በእጅ የተሠራ ባና የምርት መለያ ቁጥር ሲፈጠርለት ማለት ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ቢጫው ቢጫ ሆኖ ይቀመጥ።

በአድራሻ ላይም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። ለአካባቢ ንግድ የግድ የሚባሉት ስምና አድራሻ ብቻ ናቸው፤ በአድራሻው ውስጥ ግን የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ ባለመኖሩ መሣሪያው ቢጫ ምልክት ይሰጣል። ደብዳቤ ቤት ለቤት በማይታደልበት፣ ሰው ሁሉ የሚላክለት በፖስታ ሳጥን በሆነበት፣ ቦታም የሚገለጸው ከእገሌ ሕንፃ ፊት ለፊት ተብሎ በሆነበት ከተማ ይህን ማሟላት አይቻልም። ጠባሴ የሚለውን የሰፈር ስም በመንገዱ ቦታ አስገብቼ፣ ከተማውን ደብረ ብርሃን፣ አገሩን ኢትዮጵያ ብዬ፣ የፖስታ መለያውን ባዶ ተውኩት። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ ዜሮው ተነሥቶ በአገራችን መለያ በ251 መጀመር አለበት፤ ከውጭ አገር ሆኖ ስጋጃ ማዘዝ ለሚፈልግ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉም የከበደኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ነው በርዕሱ ላይ ያወጣሁት። ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የሚዘጋው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የቀድሞውን ገጽ የሠራው ሰው ሁለት ሰዓት ተኩልን ሁለት ከሠላሳ፣ አሥራ ሁለትን አሥራ ሁለት አድርጎ በኮዱ ውስጥ አስቀምጦታል። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ነውና የተረዳው ሱቁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ተከፍቶ በቀኑ ስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባና ተከናንቦ የሚተኛ እንጂ ባና የሚሸጥ አይገኝባትም። ሪች ሪዛልትስ ቴስት ግን አረንጓዴ ሰጠ። ቫሊዴተሩም ስህተት የለም አለ። ሁለቱም በራሳቸው በኩል አልዋሹም፤ 02:30 በአግባቡ የተጻፈ ሰዓት ነው፣ 12:00ም እንዲሁ። ትክክለኛው አጻጻፍ 08:30 እና 18:00 መሆኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ፔንሲዮኑ ሌሊትም ቀንም የማይዘጋ ስለሆነ ከ00:00 እስከ 23:59 ተብሎ ይጻፋል፤ ሱቁ እሑድ ዝግ መሆኑ ደግሞ መክፈቻውንም መዝጊያውንም 00:00 በማድረግ ይገለጻል። እነዚህን ሦስት መስመሮች ለማስተካከል የወሰደብኝ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ስህተቱ ግን በገጹ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሯል።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ አስቂኝ አጋጣሚ ባይኖር ኖሮ ሳላየው ያልፈኝ ነበር። የጓሳዎቹ ወጣቶች በገጻቸው ላይ አጫጭር ዘገባዎችን ያወጣሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በየትኛው ገደል አጠገብ እንደሚታዩ፣ ቀይ ቀበሮ መቼ እንደታየ፣ መንገዱ በክረምት እንዴት እንዳለ የሚገልጹ ናቸው። ከዘገባዎቹ አንዱ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣ ነበር። በኮዱ ውስጥ ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል 2016-13-03 ተብሎ ተጽፏል። መሣሪያው አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅምና የቀኑ አጻጻፍ ትክክል አይደለም ብሎ መለሰው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላት አገር የምንለው መፈክር ኮድ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። ጳጉሜን ባትኖር ኖሮ ግን የቀሩት ዘገባዎች ሁሉ ሳይነኩ ይቀሩ ነበር። ለምሳሌ በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዘገባ 2017-05-11 ተብሎ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ይህን የሚያነበው እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2017 ብሎ ነው። ትክክለኛው ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ስለሆነ ትኩስ የነበረው ዘገባ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያረጀ ሆኖ ይቆጠራል። መሣሪያው በዚህ ላይ ምንም አላለም፤ ሊልም አይችልም። ወጣቶቹ ቀኑን በሚታየው ጽሑፍ ላይ በእኛ አቆጣጠር እንዲተዉት፣ በኮዱ ውስጥ ግን በጎርጎርዮሳዊው እንዲጽፉት ተስማምተናል።

የቦታውን ነጥብ በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን በሰሜን ኬክሮስ 9.68፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.53 አካባቢ ላይ ትገኛለች። የሱቁ ገጽ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሮ ይዟቸው ነበር። ኬክሮስ ከዘጠና እስካልበለጠ ድረስ ማሽኑ ይቀበለዋልና 39.53 ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ ነጥቡን ካርታ ላይ ሳስቀምጠው ግን ሱቁ ከጣሊያኗ ሰርዴኛ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ ሆኖ አገኘሁት። ጉግል ለእነዚህ ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ ቢያንስ አምስት አኃዝ እንዲኖር ይጠይቃል፤ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር በተሳሳተ ባሕር ላይ ሲያርፍ ያው በትክክለኛነት ነው የሚሳሳተው።

ወደ ሁለተኛው መሣሪያ ስመጣ ጥቅሙ በዋናነት የታየኝ በጓሳው ገጽ ላይ ነው። ወጣቶቹ ስለ ጥብቅ ቦታው የጻፉትን ገጽ የቱሪስት መስህብ በሚለው ዓይነት መድቤዋለሁ። ሪች ሪዛልትስ ቴስት በገጹ ላይ ምንም አልተገኘም አለ። አንድ ጀማሪ ይህን ሲያይ ኮዱ ተበላሽቷል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሊደክም ይችላል፤ እውነቱ ግን ጉግል ለዚህ ዓይነት የተለየ የማሳያ መልክ ስለሌለው መሣሪያው ሊያነበው አለመፈለጉ ነው። ቫሊዴተሩ ያንኑ ኮድ ተቀብሎ ስሙን፣ ገለጻውን፣ የቦታውን ነጥብ አንድ በአንድ አወጣ፤ እግረ መንገዱንም የዓይነቱን ስም ስጽፍ ትልቁን ፊደል በትንሽ ፊደል መጻፌን ነገረኝ። እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል ስለሌለን ይህ ልዩነት ለብዙዎቻችን ከዓይን ያመልጣል፤ ለመዝገበ ቃላቱ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የቫሊዴተሩ ድክመት ደግሞ የሚጎድለውን አለመናገሩ ነው። ዋጋ የሌለው ምርት ብሰጠው ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ምክንያቱም መዝገበ ቃላቱ ራሱ የግድ የሚለው ነገር የለም፤ የግድ የሚለው ጉግል ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብኝ ለሱቁ የመጀመሪያውን፣ ለጓሳው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግን ሁለቱም ነፃ ስለሆኑ መምረጥ አያስፈልገኝም።

አንድ ደስ የማይል ነገርም አለ። የፔንሲዮኑን የቀድሞ ገጽ የሸጠላቸው ባለሙያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ገጹ በፍለጋ ላይ የእንግዶችን ነጥብ የሚያሳይ ኮከብ ይዞ ይወጣል ብሎ ገንዘብ ተቀብሏቸዋል። ኮዱን ስከፍተው ማንም እንግዳ ያልጻፈው የአማካይ ነጥብና ማንም ያልቆጠረው የአስተያየት ብዛት ተቀምጦበታል። ሁለቱም መሣሪያዎች ይህን በአረንጓዴ አሳልፈውታል። ነገር ግን ጉግል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ አንድ ንግድ በራሱ ገጽ ላይ ስለ ራሱ የሚያወጣውን ነጥብ በኮከብ መልክ እንደማያሳይ አስታውቋል፤ ለገጹ ጎብኚ የማይታይን ወይም የፈጠራ ነገርን በተዋቀረ መረጃ ውስጥ ማስገባትም የጉግልን ደንብ የሚጥስ ሲሆን፣ የጉግል ሠራተኞች ገጹን ራሳቸው ዓይተው እርምጃ ሊወስዱበት የሚችሉ ጥፋት ነው። እርምጃው ከተወሰደ ገጹ የተለየ መልክ የማግኘት መብቱን ያጣል። ባለቤቶቹ የከፈሉት ለማይታይ ኮከብ ነበር ማለት ነው። ኮዱን አጠፋሁት፤ መሣሪያዎቹ ግን ከማጥፋቴ በፊትም በኋላም ያሳዩት ያንኑ አረንጓዴ ነው።

ደንቡ በየጊዜው መለዋወጡንም ከግምት ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙ የከተማችን ገጾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎችን በተዋቀረ መረጃ ይጽፋሉ፤ ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ይህን የማሳያ መልክ ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ እንደሚያውል ገልጿል። ገደቡ ከተጣለ በኋላም ሪች ሪዛልትስ ቴስት የፔንሲዮን ጥያቄና መልስ ሲሰጠው ትክክል ነው ይል ነበር፤ ይህ ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ አሳሳች ጎን ነው። ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ የሚያሳየው መልክ በዚያው ዓመት ተነሥቷል፤ በፍለጋ ውጤት ሥር ይታይ የነበረው የውስጥ መፈለጊያ ሳጥን በኖቬምበር 2024 ቀርቷል፤ በጁን 2025 ደግሞ ጉግል ሰባት ዓይነቶችን ደረጃ በደረጃ እንደሚያነሣ አሳውቋል። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ የአሠራር ምክርን ይዞ ኮድ መጻፍ ስለዚህ አያዋጣም።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚፈትሹት አንድን ገጽ በአንድ ጊዜ ነው። ሱቁ አርባ የሚሆኑ የምርት ገጾች ስላሉት ሁሉንም በየተራ ማስገባት አሰልቺ ነው፤ ለዚህ የሚረዳው ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል አገልግሎት ነው። የገጹ ባለቤት መሆንን ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጉግል የጎበኛቸውን ገጾች ሁሉ በአንድ ላይ አሰባስቦ ስንቱ ደህና፣ ስንቱ ስህተት ያለበት፣ ስንቱም ጨርሶ ሊነበብ ያልቻለ እንደሆነ ያሳያል። ስህተቱን አርሞ ማረጋገጫ መጠየቅም ይቻላል፤ መልሱ ግን በደቂቃ ሳይሆን በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ነው የሚመጣው። ከሱቁ ገጾች ሦስቱ ላይ የእኛ ነጠላ ሰረዝ ተሰንቅሮ መቅረቱን ያወቅሁት ከዚያ ነው።

ሥራውን አስረክቤ ከጨረስኩ በኋላ የሱቁ ባለቤት ስልካቸውን ይዘው መጡና ካርታው አሁንም ሱቁ በቀኑ ስድስት ሰዓት ይዘጋል እንደሚል አሳዩኝ። ኮዱን ደግሜ ፈተሽኩት፤ 08:30 እና 18:00 ይላል፤ አረንጓዴም ነው። ካርታው ላይ የሚታየው ሰዓት ግን በዋናነት የሚመጣው ከገጹ ሳይሆን ንግዱ በጉግል ላይ ለብቻው ካስመዘገበው የንግድ መገለጫ ነው፤ መገለጫውን ከዓመታት በፊት የሞላው የወንድማቸው ልጅም ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር አስገብቶት ኖሯል። ገጹና መገለጫው መስማማታቸውን የሚያይ ክፍል በሁለቱም መሣሪያዎች ውስጥ የለም። ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የይለፍ ቃሉን በስልክ ጠይቀነው፣ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመን አስተካከልነው።